አርባ አንድ ዓመት የሆነው ሰው

የአውቶቡስ ድርጅቱ ሠራተኞች «ፊሽካ» የሚሏት ቲኬት ቆራጭ ፊሽካ ነፍታ አታውቅም። ስሙን ያመጣባት ድምፅዋ ነው። ከኋለኛው በር «ሂድ!» ስትል ሾፌሩ መስተዋት ማየት አያስፈልገውም፤ ሦስት ፌርማታ ሙሉ ተኝቶ የመጣ ተሳፋሪ እንኳ ብንን ብሎ ኪሱን ይዳብሳል። ከሁለት ዓመት በፊት ሠራተኛው የጡረታ ፈንዱ ባለአደራ አድርጎ ሲመርጣትም በዚሁ ድምፅዋ ምክንያት ነበር። «የሚጮኽልን ሰው ነው የምንፈልገው» አሉ። እሷ ግን ቦርዱ ውስጥ ከገባች ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም።

የሚያስጮኽ ነገር ጠፍቶ አይደለም፤ ነገሩ ስላልገባት ነው። ባለአደራዎቹ አምስት ናቸው፤ ሦስቱ ከአስተዳደር፣ ሁለቱ ከሠራተኛው። ሰብሳቢው የድርጅቱ የፋይናንስ ኃላፊ ነው። ስብሰባ የሚባለው ሻይ ተጠጥቶ ቃለ ጉባኤ የሚዞርበት ግማሽ ሰዓት ነበር። ወረቀቱ እሷ ዘንድ ሲደርስ ሰብሳቢው ጣቱን መስመሩ ላይ ያሳርፍና «እዚህ ጋ፣ እህቴ» ይላታል። ሁለት ጊዜ እንዲህ ፈርማለች። ሁለቱንም ጊዜ ወደ አውቶቡሷ ስትመለስ፣ ሰው ገፍትራ የመጣች ይመስል ቅር ሲላት ውላለች።

ፈንዱ ራሱ ምሥጢር የለውም። ከሠራተኛው ደመወዝ በየወሩ ይቆረጣል፣ ድርጅቱም የራሱን ይጨምራል፤ ሠራተኛው ስልሳ ዓመት ሲሞላው የተጠራቀመለትን ባንድ ጊዜ ተቀብሎ ይሰናበታል። አለቀ። ፊሽካን ያስቸገራት ገንዘቡ እስከዚያ ድረስ የት ተቀምጦ፣ ምን እየሠራ ይቆያል የሚለው ነው። ስለዚህ «ለባለአደራዎች የሦስት ቀን የኢንቨስትመንት ሥልጠና ይሰጣል» የሚል ደብዳቤ ሲደርሳት አዲስ ደብተር ገዛች። ባሏ የዚያው ድርጅት ሾፌር ነው። ደብተሩን አይቶ፣ «ተማሪ ቤት ልትገቢ ነው እንዴ፣ አንቺ ሴትዮ?» ብሎ ሳቀባት።

«አንተ ነህ እንጂ የተማርክ የምትመስለው» አለችው። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ መሪ ይዘህ ቀኝህንና ግራህን ብቻ ነው ያወቅከው።»

ሥልጠናው የሚሰጠው በአንድ ሆቴል አዳራሽ ነበር። ጠረጴዛው ነጭ ጨርቅ ለብሷል። በየሰዉ ፊት አንድ ጠርሙስ ውሃ፣ አንድ ማኅደርና አንድ ብዕር ተቀምጧል። ብዕሩ ላይ ረጅም ሕንፃ ተሥሏል። አሠልጣኙ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ ሰው ነው፤ ከዚህ በፊት ኮሌጅ ያስተምር ነበር መሰል፣ ጠመኔ ሳይነካ ጣቶቹን እያሻሸ ያራግፋል። ከፊሽካ ጎን ሁለተኛው የሠራተኛ ተወካይ፣ ጋሼ ጎማ፣ ተቀምጠዋል። ሰውዬው የጎማ ክፍሉ አንጋፋ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት የአውቶቡስ ጎማ ሲያነሱና ሲጥሉ አንገታቸው ራሱ ጎማ አክሏል። ወንበሩ ምቹ ስለነበር ገና አሠልጣኙ ራሱን አስተዋውቆ ሳይጨርስ ዓይናቸው ተከደነ።

የመጀመሪያውን ቀን የባለአደራን ሥልጣንና ግዴታ ተማሩ። አሠልጣኙ የፈንዱን መተዳደሪያ ደንብ አንቀጽ በአንቀጽ አስነበባቸው። እዚያ ላይ ነው ፊሽካ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ያልነገራትን ነገር ያገኘችው፦ ገንዘቡን ከአንድ ዓመት በላይ የሚያስር ውሳኔ አምስቱም ባለአደራዎች ካልፈረሙበት አይጸናም፤ ጉዳዩ ለሠራተኛው ጠቅላላ ስብሰባ ይቀርባል። ደብተሯ ላይ ገለበጠችው። ምሳ ሰዓት ሲደርስ እጇን አወጣች።

«አንድ ጥያቄ አለኝ። ይህን ሁሉ ወጪ የሚከፍለው ማነው?»

ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠራረገ። አሠልጣኙ ግን ሳይሸፋፍን መለሰ፤ «የሕንፃ አክሲዮን ኩባንያው ነው። ብዕሩ ላይ ያለው።»

«እግዜር ይስጣቸው» አለች ፊሽካ። «እኔን እስከዛሬ ምሳ የጋበዘኝ ሰው ሁሉ ጉዳዩን የነገረኝ ከምሳው በኋላ ነው።»

ሰው ሳቀ። ጋሼ ጎማ ምን እንደተባለ ሳያውቁ አብረው ሳቁ።

ሁለተኛውን ቀን ወደደችው። አሠልጣኙ በእውነት አስተማሪ ነበር። ቦንድ ማለት ለመንግሥት ወይም ለኩባንያ ማበደር መሆኑን፣ አክሲዮን ማለት ደግሞ ከንግዱ ቁራሽ መግዛት መሆኑን፣ የመጀመሪያው ቢያንስም ቀኑን ቆጥሮ የሚመጣ፣ ሁለተኛው ሲያተርፍ የሚያስጨፍር ሲከስር የሚያስለቅስ መሆኑን፣ እንደ ተረት እያጣፈጠ ነገራቸው። ከዚያ በሰሌዳው ላይ ሦስት ጥያቄ ጻፈ። ምን ያህል ያመጣልናል? ምን ያህል ልናጣ እንችላለን? ገንዘቡን የምንፈልገው መቼ ነው?

«ሦስተኛውን ሰው ሁሉ ይዘነጋዋል» አለ ጣቱን እያራገፈ። «ገንዘባችሁ የትም የማይገኝ ትርፍ ያመጣ ይሆናል። የምትፈልጉት ቀን በሩ ተቆልፎ ካገኛችሁት ግን ለእናንተ የለም ማለት ነው።»

ፊሽካ ይህን ለመረዳት ሁለተኛ ማብራሪያ አላስፈለጋትም። አሳምሮ ተጠግኖ፣ ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ ሠራተኛው ሁሉ ሥራ ከገባ በኋላ በአራት ሰዓት ከጋራዥ የሚወጣ አውቶቡስ ምን እንደሚጠቅም ታውቃለች። ሦስተኛውን ጥያቄ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

ሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አሠልጣኙ የመለማመጃ ወረቀት አደላቸው። «የራሳችሁን ፈንድ አኃዝ ነው የተጠቀምነው፤ ነገሩ ቅርብ እንዲሆንላችሁ» አለ። ወረቀቱ ላይ እንዲህ ይላል፦ የአባላት ብዛት ሦስት መቶ ሰማንያ። የአባላት አማካይ ዕድሜ አርባ አንድ። እስከ ጡረታ የሚቀረው ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ከፈንዱ ስልሳ በመቶው ለአሥር ዓመት በማይወጣ የሕንፃ አክሲዮን ላይ ቢውል ተስማሚ ነው ወይስ አይደለም? ምክንያታችሁን ጻፉ።

የአስተዳደሮቹ ሦስት ሰዎች «ተስማሚ ነው» ብለው ወዲያው ጻፉ። ጋሼ ጎማም አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ከጎረቤታቸው ገለበጡ። ነገሩ ግልጽ ነዋ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለቀረው ሰው አሥር ዓመት ምን ይሆናል? ፊሽካም ልትጽፍ ብዕሯን አነሣች። አነሣችና ቆመች።

አርባ አንድ ዓመት። ማነው እሱ?

በሐሳቧ ጋራዡን ትዞር ጀመር። ከአንደኛ መስመር ሾፌሮች ተነሣች፤ ሁሉም ከባሏ ጋር የተቀጠሩ፣ ወገባቸውን እየያዙ የሚወርዱ። ወደ ፍሬን ክፍል ገባች፤ እነዚያም ያው ናቸው። ወደ ቀለም ቀቢዎቹ፣ ወደ ባትሪ ክፍል፣ ወደ ቲኬት ቆራጮቹ ሄደች። ከዚያ ወደ አዲሶቹ ዞረች፤ ጆሯቸው ውስጥ ሙዚቃ ሰክተው የሚመጡ፣ ገና ከትናንት ወዲያ የተቀጠሩ ልጆች። ከሁለቱ መሐል የሚቆም ሰው ፈለገች፣ ፈለገች፣ አጣች። ሳታስበው ሳቋ ፈነዳ።

«ምን አገኘሽ፣ እህቴ?» አለ ሰብሳቢው።

«አጣሁ እንጂ፣ ምን አገኛለሁ! አርባ አንድ ዓመት የሆነው ሰው አጣሁ።»

አሠልጣኙ ፈገግ አለ። «አማካይ እኮ ነው። የሁሉም ዕድሜ ተደምሮ ለብዛታቸው ሲካፈል የሚመጣ ቁጥር ነው።»

«እሱማ ገብቶኛል። እርስዎ ደህና አድርገው ነው ያስተማሩኝ። ግን ይህ አማካይ ድርጅታችን ውስጥ የለም። ስሙ ደመወዝ መዝገብ ላይ ቢፈለግ አይገኝም። ስልሳ ዓመት ሞልቶት ገንዘቡን ሊቀበል የሚመጣውም እሱ አይደለም።» ብዕሩን አስቀመጠች። «አዲሶቹ አውቶቡሶች የገቡ ጊዜ መቶ ሰማንያ ሰው ባንድ ዓመት ተቀጠርን። ያኔ ሁላችንም ከሃያ አምስት እስከ ሃያ ስምንት ዓመት የሆነን ጎረምሶች ነበርን። ከዚያ ቅጥር ቀጥ አለ። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው አልተቀጠረም ቢባል ይቀላል። ባለፉት አራት ዓመታት ደግሞ እነዚህ ልጆች ገቡ፣ ሁለት መቶ ያህል። ያሮጌዎቹን ሃምሳ ስድስትና የልጆቹን ሃያ ሰባት ብትቀላቅሉት አርባ አንድ ይወጣችኋል። ቅልቅሉን ነው የጻፋችሁት።»

ጋሼ ጎማ ሙሉ ለሙሉ ነቅተዋል።

«ጋሼ፣ ስንት ዓመትዎ ነው?»

«ሃምሳ ስምንት ከመንፈቅ።»

«እኔ ሃምሳ አምስት። ባሌ ሃምሳ ሰባት። ገንዘቡን መቶ እጅ ብናደርገው ዘጠናው የእኛ የአሮጌዎቹ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ስንቆረጥ የኖርነው እኛ ነና። ስልሳውን ለአሥር ዓመት ከቆለፋችሁት በእጃችሁ የሚቀረው አርባ ነው። እኛ ደግሞ በአምስት ዓመት ውስጥ ሙልጭ ብለን እንወጣለን፣ ዘጠና እጅ አምጡ ብለን። ሃምሳውን ከየት ልታመጡ ነው? ሕንፃውን በጡብ በጡብ ትሰጡናላችሁ?»

አሠልጣኙ ወረቀቱን አንሥቶ እንደ አዲስ አነበበው። «የዕድሜ ዝርዝሩን አላየሁም» አለ ቀስ ብሎ። «አማካዩን ብቻ ነው የላካችሁልኝ።»

«አሁን ሰምተውታል። ትናንት ገንዘቡ የሚፈለግበትን ቀን ሳታውቁ አትቆልፉ ብለውን አልነበር?»

«ብያለሁ» አለ አሠልጣኙ። ወደ ሰብሳቢው አየት አደረገና መነጽሩን አውልቆ መወልወል ያዘ።

ሰብሳቢው ግን የዋዛ ሰው አልነበረም። እጁን አጨብጭቦ፣ «ጥሩ ውይይት ነው፣ በጣም ጥሩ! መለማመጃም ለዚህ ነው» አለ። ከቦርሳውም የተተየበ ወረቀት አወጣ። «እንግዲህ ጉዳዩን በሚገባ ስላየነው፣ ሌላ ቀን ከምንሰበሰብ ቃለ ጉባኤውን እዚሁ ፈርመን እንለያይ።»

ፊሽካ ወረቀቱን አየችው። ስልሳ በመቶ፣ አሥር ዓመት፣ የሕንፃው ኩባንያ ስም፤ አንድም አልጎደለም።

«መቼ ተተየበ?» አለች።

«ምን?»

«ከጠዋት ጀምሮ እዚህ አብረን ነን። ምሳም አብረን ነው የበላን። እኛ ሳንወያይ የውይይታችንን ውጤት የተየበው ማን ነው? ጠንቋይ ቀጥራችኋል?»

«ነገር አታክርሪ፣ እህቴ። ረቂቅ ነው።»

ረቂቁ ዞረ። ሦስቱ የአስተዳደር ሰዎች ፈረሙ። ጋሼ ጎማ ዘንድ ሲደርስ ሰውዬው ብዕሩን ይዘው ፊሽካን አዩዋት።

«ልጄ፣ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ነው የቀረኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በሰላም ልውጣበት።»

«በሰላም ይውጡ፣ ጋሼ። ባዶ እጅዎን ነው እንዴ ግን የሚወጡት?»

ጋሼ ጎማ ከንፈራቸውን ነከሱ፤ ፈረሙም። እጃቸው ግን የጎማ ብሎን እንደሚያጠብቅ ሰው ነበር፤ ወረቀቱን ሊበሳው ምንም አልቀረውም። ሰብሳቢው ጣቱን የተለመደው ቦታ ላይ አሳረፈ።

«እዚህ ጋ፣ እህቴ። ያንቺ ብቻ ነው የቀረው።»

«ወይ ፍንክች!»

«አራት ሰው ፈርሞ አንድ ሰው...»

«ደንቡ አምስት ነው የሚለው። አራት ቢበቃ ኖሮ እኔን ምሳ ባልጋበዛችሁኝ። ወደ ጠቅላላ ስብሰባ ይቅረብ፤ ይህም ደንቡ ላይ አለ። ገጽ አራት።» ደብተሯን ዘግታ ተነሣች።

ቤት ስትገባ ባሏ እግሩን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ ተቀምጧል። ወሬው ቀድሟት ነበር።

«ሰውዬውን በሰው ፊት አዋረድሽው አሉ።»

«ወረቀቱን ነው ያዋረድኩት።»

«አይ አንቺ! ሦስት ዓመት ነው የቀረኝ። ደህና መስመር ላይ ነን። ነገ ተነሥተው አንቺን ገደል ለገደል ቢያዞሩሽ፣ እኔን የተሰበረ አውቶቡስ ቢሰጡኝ ማን ይደርስልናል?» ውሃውን በእግሩ አማሰለ። «እርግጠኛ ነሽ ግን? ማለቴ... ገንዘቡ በእርግጥ አይደርስልኝም?»

ደብተሯን ከፍታ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ዘጠናውን፣ አርባውን፣ የጎደለውን ሃምሳ አሳየችው። ራሱ እንዲያሰላው ብዕሩን ሰጠችው። ሲያሰላ ፊቱ እየጠቆረ ሄደ። ውሃው ቀዘቀዘ፤ እግሩን ማውጣቱን ረሳው።

«ታዲያ ይህን እያወቅሽ ነው እኔ ፈርሚ እንድልሽ የፈለግሽው?» አለ በመጨረሻ።

«እኔ መቼ ፈለግሁ! አንተው ነህ የጀመርከው።»

«በይ ተይኝ። እንዳትፈርሚ። ብትፈርሚ ምግብ አብሬሽ አልበላም።»

ስብሰባው ለመጪው እሑድ ተጠራ። እስከዚያ ፊሽካ የሠራተኛውን የዕድሜ ዝርዝር ለማግኘት መዝገብ ቤት ሄደች። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ የሰብሳቢው ደብዳቤ ያስፈልጋል አለቻት። ሰብሳቢው ጸሐፊ ዘንድ ሄደች፤ ሰብሳቢው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለች። ማክሰኞም ስብሰባ፣ ረቡዕም ስብሰባ፣ ዓርብም ስብሰባ። «የእኚህ ሰውዬ ስብሰባ የእኛን መስመር ያህል ረዝሟል» አለችና ተወችው። ዝርዝሩ ራሱ እሑድ በእግሩ ይመጣ የለ!

እሑድ ጠዋት የአውቶቡስ ማጠቢያው ሰፊ መጠለያ ተጠርጎ፣ ከተሰናከሉ አውቶቡሶች የተነቀሉ ወንበሮች ተደረደሩ። ወለሉ ገና እርጥብ ነበር። ሰብሳቢው ድምፅ ማጉያውን ይዞ ሕንፃው ስንት ፎቅ እንደሚሆን፣ አሥር ዓመት ሲሞላ ገንዘቡ እንዴት እጥፍ እንደሚሆን አስረዳ። አሠልጣኙም መጥቶ ጥግ ተቀምጧል። ሰብሳቢው ሲጨርስ፣ «ከባለአደራዎች አንዷ ተቃውሞ ስላላት በአጭሩ ትናገር» አለና ማጉያውን ዘረጋላት። ፊሽካ አልተቀበለችውም፤ ማጉያ መቼ አስፈልጓት ያውቃል!

«ወገኖቼ! ፈንዱ ውስጥ ያለነው ሰዎች አማካይ ዕድሜ አርባ አንድ ነው ተብሏል። አሥሩ ዓመት የተቆረጠውም ለዚህ ሰው ተብሎ ነው። እስቲ ሰውየውን እንየው። ከሠላሳ አምስት እስከ ሃምሳ ዓመት የሆናችሁ ብድግ በሉ!»

በወንበሮቹ መሐል ሰዉ ተያየ። ከኋላ የክሊኒኩ ነርስ ተነሣች፣ ዙሪያዋን ቃኝታ ብቻዋን መሆኗን ስታይ አፏን በእጇ ያዘች። ሌላ አልተነሣም። ሰብሳቢው ከሌላ መሥሪያ ቤት የመጣ የአርባ ሦስት ዓመት ሰው ነው፤ ቀድሞም ቆሞ ስለነበር የሚቀመጥበት ወንበር በዓይኑ ይፈልግ ጀመር።

«ተገኙ እኮ!» አለ አንድ ሾፌር። «ነርሷና እርስዎ! ሕንፃውን ለሁለት ይካፈሉታል!»

መጠለያው በሳቅ ተናጋ።

«በአምስት ዓመት ውስጥ ስልሳ የሚሞላችሁስ?»

መጀመሪያ የፊሽካ ባል ተነሣ። ከዚያ የፍሬን ክፍሎቹ፣ ከዚያ አንደኛ መስመር፣ ከዚያ ሁሉም ባንድ ላይ። ወንበር ተንቋቋ፣ ጉልበት ተንቋቋ። አንዱ በሌላው ትከሻ እየተደገፈ ሲነሣ ወለሉን የሸፈነው ሰው መቶ ሰማንያ ነው ብሎ ለመገመት ቆጣሪ አላስፈለገም። ሳቁ በረደ። መጨረሻ ላይ ከፊተኛው ረድፍ ጋሼ ጎማ ተነሡ።

«እኔ ፈርሜያለሁ» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። «ፈርቼ ነው የፈረምኩት። ይሰረዝልኝ።»

ፊሽካ የነገሩ መጨረሻ ይህ መስሏት ነበር። ሊሆን ግን አልቻለም፤ ከልጆቹ መሐል አንድ ወጣት ሾፌር ተነሣ። ፀጉሩን በየሳምንቱ ስለሚያስተካክልና ዝናብም ቢሆን ጥቁር መነጽር ስለማይለየው «ቄንጠኛው» ይሉታል።

«እትዬ፣ ለእናንተ ተናገራችሁ፣ ደስ ይበላችሁ» አለ። «እኛስ? እኛ ሠላሳ ዓመት ይቀረናል። በእናንተ ምክንያት የእኛም ገንዘብ ባንክ ውስጥ ይተኛ? ኑሮ በየዓመቱ ሲወደድ የተኛ ገንዘብ እኮ እያለቀ ነው የሚተኛው! ሕንፃው ለእኔ ይስማማኛል።»

«እውነቱን ነው!» አሉ ከኋላ።

«እናንተ ልትሞቱ ነው፣ እኛ ልንኖር ነው!» አለ ሌላው።

«ማን ነው የሚሞተው፣ አንተ እንጭጭ!» አሉት ከአሮጌዎቹ፣ ነገሩ ወደ ስድብ ሊዞር ሆነ። ሰብሳቢው ፊቱ ፈካ።

ልጁ ያለው ትክክል ነው። ሦስት ቀን የተማረችው ራሱ ልጁን ይደግፈዋል። ልትሸነግለው ትችል ነበር፤ «አንተ ገና ልጅ ነህ፣ ዝም በል» ብትለው ግማሹ ሰው ያጨበጭብላት ነበር። አላደረገችውም።

«ልክ ነህ፣ ወንድሜ» አለች። «አማካዩ እኔን ብቻ አይደለም የበደለኝ። አንተንም በድሎሃል። ለእኔ ረዝሞብኛል፣ ለአንተ ደግሞ አጥሮብሃል። ስለዚህ ሕንፃው ጥሩ ነው መጥፎ ነው አልልህም፤ እሱን አጥንተን እንየው። የእኔና ያንተ ገንዘብ ግን ባንድ ቁልፍ አይቆለፍ። የእኛ ቀኑ ስለታወቀ፣ ቀኑን ጠብቆ በሚመለስ ቦንድ ላይ ይሁን። የእናንተ ተለይቶ ይታይ።»

«እንደዚያ የሚባል ነገር ደንባችን ውስጥ የለም» አለ ሰብሳቢው።

«ደንቡን የጻፈው ሰው ነው፤ ሰው ይጽፈዋል።»

ሰዉ ወደ አሠልጣኙ ዞረ። ሰውዬው እንደ መሸሽ ብሎ ነበር፤ ቆመ። «ይቻላል» አለ። «የተለያየ ቀን ላላቸው አባላት የተለያየ ድልድል ማውጣት የታወቀ አሠራር ነው። መጀመሪያውኑ... እንደዚያ መሆን ነበረበት።» ሰብሳቢውን አላየውም። ያን ቀን ከሕንፃው ኩባንያ ጋር የነበረው ሥራ እንዳከተመ ሳያውቀው አልቀረም።

እጅ ወጣ። የአሥር ዓመቱ ውል ወደቀ። ከልጆቹ አርባ የሚሆኑት ሕንፃውን ደግፈው እጃቸውን አውጥተዋል፤ ቄንጠኛው አንዱ ነበር። ባለአደራዎቹ በወር ጊዜ ውስጥ ለሁለቱም ወገን የየራሱን ሐሳብ አዘጋጅተው እንዲያቀርቡ ተወሰነ። ሰው ሲበተን ሰብሳቢው ፊሽካ አጠገብ መጥቶ፣ «ሦስት ቀን ተምረሽ እኛን ልታስተምሪን?» አላት።

«ሦስት ቀን ይበቃል ያሉት እርስዎ ነዎት» አለችው።

ሰኞ የመስመር ዝውውር ደረሳት። አሥራ ሰባተኛ መስመር፤ ከከተማው ጫፍ የሚደርስ፣ አስፋልቱ መንገድ ላይ የሚያልቅ፣ አቧራው ከቲኬቱ ጋር የሚታኘክ መስመር። ባሏ ደብዳቤውን ሲያነብ ጥርሱን አፋጨ። እሷ ግን ሻሿን አጥብቃ አስራ ሄደች። አሥራ ሰባተኛ መስመር የሚመደቡት አዲሶቹ ልጆች ናቸው፤ ሾፌሯም ቄንጠኛው ሆኖ አገኘችው።

«እትዬ! ለእኔ ቅጣት አድርገው ነው የላኩዎት ወይስ ለእርስዎ?» አላት።

«ተካፍለነዋል። አንተ መነጽርህን አውልቅና መንገዱን እይ።»

መጨረሻው ፌርማታ ላይ በየምልልሱ ሃያ ደቂቃ ይቆማሉ። ያን ሃያ ደቂቃ መጀመሪያ ተጨቃጨቁበት። ቄንጠኛው ሕንፃው እጥፍ ያመጣል ይላል፣ እሷ «ያመጣል አለ እንጂ ምን አስያዘ?» ትላለች። በሳምንቱ ደብተሩን ጠየቃት። በሁለተኛው ሳምንት ከሌሎች አውቶቡሶችም ሾፌሮች እየወረዱ የደረጃው ሥር መቀመጥ ጀመሩ። አንዳንዱ ለወሬ ነው የመጣው፤ አንዳንዱ ስለ ቦንድ ሰምቶ፣ የአጎቱን ልጅ ሳይቀር ጠይቆ ነበር የሚመለሰው። አንዱ ልጅ «እኔ ቢሆን መኪና ነው የምገዛበት» እያለ በየቀኑ ያበሽቃቸዋል።

ወሩ ሊሞላ አራት ቀን ሲቀረው አንዲት የመሥሪያ ቤት መኪና አቧራውን እያቦነነች መጥታ አጠገባቸው ቆመች። የሰብሳቢው ሾፌር በመስኮት ፖስታ አቀበለ።

«አዲሱ ቃለ ጉባኤ ነው። አራቱ ባለአደራዎች ረቂቁን አይተውታል። አሁኑኑ ተፈርሞ ይምጣ ብለዋል።»

«ሞተሩን አጥፋ፣ ወንድሜ። ነዳጅ አታባክን።»

ፊሽካ የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ቄንጠኛው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ትከሻዋ ላይ ተንጠላጠለ። አብረው አነበቡ። የአሮጌዎቹ ገንዘብ በየዓመቱ በሚመለስ ቦንድ ላይ ይውላል ይላል፤ ደህና። የአዲሶቹ ገንዘብ ለአሥር ዓመት ሕንፃው ላይ ይውላል፤ ይህም ልጆቹ የሚወስኑበት ነው። ገጹን ገለበጡ።

«ቆይ፣ ቆይ፣ እትዬ!» አለ ቄንጠኛው፣ ጣቱን ወረቀቱ ላይ ሰክቶ። «ለሕንፃው ሠላሳ በመቶ ነው የሚለው። የእኛ ድርሻ ግን ከመቶው አሥር አይደለም? ሃያው የማን ነው?»

ፊሽካ ቀና ብላ አየችው። እሷ ይህን መስመር አልፋው ነበር።

«እስቲ እንደገና አንብበው» አለችው። «ጮክ ብለህ። እነሱም ይስሙት።»

ልጆቹ ተጠጉ። የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር በመስኮት ሰዓቱን አሳየ። «እትዬ፣ ሰብሳቢው እየጠበቁ ነው እኮ! ፊርማ ብቻ ነው!»

«ይጠብቁ» አለች ፊሽካ ብዕር ከጆሮዋ ሥር እያወጣች። በሠላሳው ዙሪያ ክብ አደረገችበት። «ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ነን።»